ሞምባሳ ለአጭር ዕረፍት፦ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የኬንያ ባሕር ዳርቻ አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ከሚያስበው በላይ ቅርብ ነው። ከቦሌ ተነስቶ ሞምባሳ ለማረፍ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ አይጠየቅም፤ የእጅ ሰዓት መቀየርም የለም። ይህ ቅርበት ግን ያዘናጋል። ሆቴል ከፎቶ ይመረጣል፣ ትኬት ቅናሽ በተገኘበት ሳምንት ይቆረጣል፣ ሌላው እዚያ ሲደረስ ይታያል ይባላል። ሁለት ሳምንት ላለው ሰው ይህ ችግር የለውም። አራት ወይም አምስት ቀን ብቻ ላለው ግን አንድ የዝናብ ቀንና ግማሽ ቀን የፈጀ የመንገድ ወረፋ ዕረፍቱን ያበላሹበታል። ስለዚህ የምመክረው ቅደም ተከተል የተለመደውን የሚገለብጥ ነው፦ መጀመሪያ ወሩ፣ ቀጥሎ የጨረቃው ቀን፣ ከዚያ የከተማው አቅጣጫ፣ ሆቴሉ ከሁሉም በኋላ።

ወሩ የማን ነው?

በዚህ ባሕር ላይ አዛዦቹ ሁለት ነፋሶች ናቸው። ከኅዳር መጨረሻ አንስቶ እስከ መጋቢት ድረስ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰውን ካስካዚ ይሉታል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ መስከረም ግድም ከደቡብ የሚመጣውን ደግሞ ኩሲ። ከዓረብና ከሕንድ የሚነሱ ባለ ሸራ ጀልባዎች ለብዙ መቶ ዓመታት በካስካዚ መጥተው በኩሲ ሲመለሱ ኖረዋል፤ ሞምባሳ፣ ማሊንዲና ላሙ የበለጸጉት በዚህ ንግድ ነው። ለዛሬው ጎብኚ ካስካዚ ማለት ደረቅና ሞቃት ቀን፣ ጠራ ያለ ውሃ ነው። ኩሲ ቀዝቀዝ ያለ አየር ያመጣል፤ ግን ሞገዱ ይበዛል፣ አሸዋው ላይም የባሕር ሣር ይከመራል።

ይህን ከእኛ የበዓል አቆጣጠር ጋር ሲያስተያዩት ጥሩም መጥፎም ዜና አለው። ጥሩው ገና ነው። ፈረንጆቹ ለገናቸውና ለዘመን መለወጫቸው ሆቴሉን ሁሉ ሞልተው፣ ዋጋውንም ሰቅለው ይሰነብቱና በእነሱ ጥር መጀመሪያ ይበተናሉ። የእኛ ገና የሚውለው ልክ በዚያ ሰሞን ስለሆነ ከገና እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ በዓመቱ ውስጥ ካሉት ሁሉ የተመረጠ ነው፦ አየሩ ደረቅ፣ ባሕሩ ጸጥ ያለ፣ ዋጋውም መውረድ የጀመረበት። መጥፎው ፋሲካ ነው። ትልቁ ዝናብ በመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ በሚያዝያና በግንቦት ስለሚበረታ፣ ለፋሲካ ዕረፍት ሞምባሳን ያሰበ ሰው ሆቴል ውስጥ ተቀምጦ ዝናብ ማየትን ዕቅዱ ውስጥ ያስገባ። ልጆች ትምህርት በሚዘጉበት ሐምሌና ነሐሴ መሄድ ይቻላል፤ ከአዲስ አበባ ክረምት ጋር ሲነጻጸር እንዲያውም ገነት ነው፤ ነገር ግን ነፋሱንና የባሕር ሣሩን አውቀው ይሂዱ።

ረመዳንንም ይመልከቱ። በባሕር ዳርቻው ብዙ ሙስሊም ይኖራል። በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ጾሙ የሚውለው ጥሩ የአየር ጠባይ ባለበት፣ ከጥር መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በሆቴሎች የሚለወጥ ነገር የለም። በአሮጌው ከተማ ግን ትንንሽ ምግብ ቤቶች ቀን ይዘጋሉ፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ መንገዱ ሁሉ በምግብ ይሞላል። ማታ ማታ መውጣት ለሚወድ ይህ ጉዳት አይመስለኝም።

ባሕሩ ስንት ሰዓት ላይ ይገኛል?

ላንጋኖና ሐዋሳ የለመደ ሰው ይህን አይጠይቅም፤ የሐይቅ ውሃ ጠዋት ከነበረበት ማታም አይጠፋም። የሕንድ ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። ሞምባሳ አካባቢ ልዩነቱ ሲበረታ ወደ 4 ሜትር ይጠጋል። ባሕሩ ሲሸሽ ሰማያዊ ውሃ ያዩበት ቦታ ድንጋይ፣ ሣርና ኩሬ ብቻ ይሆናል፤ ለመዋኘት ቢፈልጉ ውሃው ከጉልበት አያልፍም። ሰዓቱም በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ እየዘገየ ስለሚሄድ ትናንት የዋኙበት ሰዓት ዛሬ አያገለግልዎትም።

ብዙዎች ሳያውቁት የሚያልፉት ነገር ይኸውና። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን ባሕሩ በጣም የሚሸሸው ረፋዱ ላይ፣ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ገደማ ነው፤ የሚሞላው ደግሞ ከቀኑ አሥር ሰዓት አካባቢ። ይህ ለአጭር ዕረፍት የተመቸ አከፋፈል ነው። ረፋዱን በኮራሉ ድንጋይ ላይ እየተራመዱ በኩሬዎቹ ውስጥ የቀሩትን ዓሦችና ባለ አምስት ጣት የባሕር ኮከቦች ያያሉ፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ ይዋኛሉ። ጨረቃዋ ግማሽ በሆነችበት ሳምንት ይገለበጣል፤ ውሃው ረፋድ ላይ ይሞላና ከሰዓት ይሸሻል፣ ልዩነቱም ያን ያህል አይደለም። ሁለቱም ጥሩ ነው፤ የትኛው እንደሆነ አውቆ መሄድ ነው ቁም ነገሩ። የየቀኑ የሰዓት ሰንጠረዥ በስልክ ይገኛል፤ ሆቴሎችም አብዛኛውን ጊዜ መግቢያቸው ላይ ይለጥፉታል።

በኮራሉ ላይ በባዶ እግር አይሂዱ። ድንጋዩ ውስጥ ጃርት የመሰለ፣ እሾሁ ቆዳ ውስጥ የሚሰበር ፍጡር ተደብቆ ይቀመጣል። መርካቶ የሚሸጠው ኮንጎ ጫማ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም የፈረንጅ የባሕር ጫማ አያንስም። መዋኘት የማይችሉ ከሆነም ውሃው ጥልቀት የለውም ብለው አይዘናጉ፤ ሲመለስ በፍጥነት ይመለሳል፣ ዋናተኛ ጠባቂ የሌለበት ዳርቻም ብዙ ነው።

ሰሜን ወይስ ደቡብ?

ሞምባሳ ደሴት ናት። አሮጌው ከተማ ደሴቲቱ ላይ ነው፤ የመዋኛው ዳርቻ ግን ከደሴቲቱ ውጭ በሁለት ወገን ተዘርግቷል። በሰሜን ኒያሊ፣ ባምቡሪና ሻንዙ አሉ፤ በድልድይ ስለሚሻገሩ ለከተማው ቅርብ ናቸው፣ ግን ግርግር አላቸው። በደቡብ ዲያኒ አለ፦ ረጅም ነጭ አሸዋ፣ ከበስተኋላው ጫካ፣ በጫካው ውስጥ ጥቁርና ነጭ ጉሬዛ። በአካባቢው ያሉ የዱር አራዊት ተቆርቋሪዎች ጉሬዛዎቹ በመኪና እንዳይገጩ ከመንገዱ በላይ የገመድ መሰላል ዘርግተውላቸዋል፤ ሲሻገሩበት ማየት ራሱን የቻለ ትርኢት ነው።

ዲያኒ ለመድረስ የሊኮኒን ጀልባ መሻገር ግድ ነበር፤ የመኪናው ወረፋ ደግሞ ሰው የሚያማርር ነው። ጀልባው አሁንም ይሠራል፣ እግረኛም በነፃ ይሻገራል። ሆኖም ከአውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ተነስቶ በዶንጎ ኩንዱ በኩል በድልድይ ወደ ደቡብ የሚያሻግር አዲስ መንገድ ስለተከፈተ፣ ሻንጣ ይዞ በመኪና ለሚሄድ ሰው ወረፋው ቀርቷል። ሾፌርዎን «በየትኛው መንገድ ነው የምንሄደው?» ብለው አስቀድመው ይጠይቁ።

የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው። ባሕሩ የሚበልጥብዎ ከሆነ ዲያኒ ይረፉና ለአሮጌው ከተማ አንድ ሙሉ ቀን ይመድቡ። ከተማውና ታሪኩ የሚበልጥብዎ ከሆነ ኒያሊ ይሻላል። ዋታሙና ማሊንዲ ከሞምባሳ በስተሰሜን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃሉ፤ ቆንጆዎች ናቸው፤ ግን እዚያ የሚሄዱ ከሆነ እዚያው ይደሩ እንጂ ከዲያኒ ተነስተው ደርሶ መልስ አይሞክሩት። ላሙ ደግሞ መኪና የሌለባት፣ በአህያ የሚኬድባት፣ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበች ከተማ ነች። ለእሷ የራሷ ጉዞ ይገባታል፤ በአምስት ቀን ውስጥ አይጭመቋት። ሁለት ሆቴል መቀያየርም ለአጭር ዕረፍት አይሆንም፤ ሻንጣ ማሰርና መፍታት ግማሽ ቀን ይበላል።

በናይሮቢ በኩል የሚያልፍ ሰው ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራውን ባቡር ሊይዝ ይችላል። ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል፣ በጻቮ ሜዳ ሲያልፍ ዝሆን በመስኮት ሊታይ ይችላል። ትኬቱ ቀድሞ ስለሚያልቅ አስቀድመው ይቁረጡ፤ ባቡር የማይወዱ ከሆነ ግን ቀጥታውን በረራ ይዘው ያን ቀን ያትርፉ።

ወረቀቱስ?

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለያዘ ሰው የሚያስፈልገው የፀና ፓስፖርት፣ የመመለሻ ትኬት፣ የሆቴል ማረጋገጫና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለዕረፍት አገር ቤት መጥቶ «ሞምባሳ ደርሼ ልምጣ» የሚል ዲያስፖራ ግን ሁለት ነገር ያስብ። አንደኛ፣ በውጭ ፓስፖርት የሚገባ ሰው ኢቲኤ የሚሉትን ፈቃድ ከጉዞው ቀደም ብሎ በኢንተርኔት አመልክቶ፣ ከፍሎ መያዝ አለበት። ሁለተኛውና ብዙ ሰው የሚረሳው መመለሻው ነው። ኢትዮጵያ የገቡት ለአንድ ጊዜ ብቻ በሚያገለግል ቪዛ ከሆነ፣ ከቦሌ ሲወጡ ቪዛው አበቃ፤ ለመመለስ ሌላ ያስፈልግዎታል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ከዚህ ነፃ ነው። እሱንም «ቢጫ ካርድ» ስለምንለው፣ ቤት ውስጥ «ቢጫ ካርዱን ያዝ» ሲባል የክትባቱ ይሁን የመታወቂያው ይጣራ። የሚሻለው ሁለቱንም መያዝ ነው።

ሰዓትን በተመለከተ የአማርኛ ተናጋሪ ሌላው ቱሪስት የሌለው ዕድል አለው። ስዋሂሊዎችም ቀኑን የሚቆጥሩት እንደኛ ከንጋት ጀምረው ነው፤ እነሱም ለጠዋቱ ሁለት ሰዓት የሚሉት ሁለት ሰዓት ነው። ጥንቃቄው እዚህ ላይ ነው፦ በስዋሂሊ «ሁለት ሰዓት» ያለዎ ጀልባ ቀዛፊ በእንግሊዝኛ ሲያወራ ያንኑ «ስምንት ሰዓት» ይለዋል። ቀጠሮ ሲይዙ በየትኛው ቋንቋ እንደተነጋገሩ ያስተውሉ።

ምን ይበላል?

ምግቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቅመሙ ግን ሌላ ነው። ፒላው፣ ብርያኒ፣ በኮኮናት ወተት የተሠራ ዓሣ፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ማሃምሪ የሚባል ለስለስ ያለ ጥብስ ዳቦ በኮኮናት ከተቀቀለ የእርግብ አተር ጋር። በጾም ወራት የሄደ ሰው አይራብም፤ ባቄላው፣ አተሩ፣ ጎመኑና ቻፓቲው አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቅቤ ነው የሚሠራው፤ መጠየቅ ግን ግድ ነው።

የሥጋውን ነገር ሌላ መጽሔት ስለማይነግርዎ እኔ ልንገርዎ። በባሕር ዳርቻው የሚቀርበው ሥጋ በአብዛኛው በሙስሊም እጅ የታረደ ነው። ይህ ለአንዳንዱ ኦርቶዶክሳዊ ምንም አይደለም፣ ለሌላው በተለይም ለትልልቆቹ ትልቅ ጉዳይ ነው። እናትዎን ወይም አባትዎን ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ከመነሳትዎ በፊት ይነጋገሩበት፤ ጠረጴዛ ላይ ከሚነሳ ቅሬታ ያድናል። መፍትሔው እንደሆነ ባሕሩ ውስጥ አለ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለየንስሐ አባቱ እተዋለሁ።

ሁሉን ያካተተ የሚባለውን፣ ሦስቱንም ማዕድና መጠጡን የሚጨምር የሆቴል ዋጋ ለአጭር ዕረፍት አልመክርም። ከፍለውበታልና ከግቢው አይወጡም፤ ከግቢው ካልወጡ ደግሞ ከሞምባሳ ምግብ አንዱንም አይቀምሱም። ቁርስ ብቻ ወይም ቁርስና እራት ይበቃል። በአሮጌው ከተማ ከናስ ጀበና በትንንሽ ሲኒ የሚቀዳውን፣ ዝንጅብል ያለበትን መራራ ቡና ቆመው ይጠጡ። ከእኛ ቡና ጋር አያወዳድሩት፤ ሌላ ነገር ነው፤ ከኮኮናት ወይም ከለውዝ በስኳር የሚሠራ ካሻታ ጎን ለጎን ይዘው ከጠጡት ይወዱታል።

ታሪኩን ለማየት ስንት ሰዓት ይሰጡታል?

ሰው ብዙ ጊዜ ለፎርት ጂሰስ አንድ ሰዓት መድቦ ይሄዳል። አይበቃም። ፖርቱጋሎች ምሽጉን የሠሩት ከ1593 እስከ 1596 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከኮራል ድንጋይ፣ ባሕሩ አፍ ላይ። ኦማኖች ከ1696 ጀምረው ከበቡት፤ ከውስጥ የነበረው ሰው አብዛኛው ያለቀው ከጥይት ይልቅ በበሽታ ነው፤ በ1698 ምሽጉ በእጃቸው ገባ። እንግሊዞች ደግሞ እስር ቤት አደረጉት። ዛሬ ሙዚየም ሲሆን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

እዚያ ቆሞ የእኛን ታሪክ ማስታወስ አይቀርም። በ1498 እ.ኤ.አ. በዚህ ባሕር ያለፈው የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ ክሪስቶቫዎ ነው በ1541 ወታደሮች ይዞ ምፅዋ የወረደው፣ በኋላም እኛው አገር የሞተው። የበለጠ የሚገርመኝ ግን የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ዩሱፍ ቢን ሐሰን የተባለ የሞምባሳ ልዑል በልጅነቱ ሕንድ ውስጥ ወዳለችው ጎዋ ተወስዶ በካቶሊክነት አደገ፣ ዶን ዠሮኒሞ ተባለ፣ ተመልሶም ነገሠ። በ1631 እ.ኤ.አ. ካቶሊክነቱን ጥሎ ወደ እስልምና ተመለሰና በምሽጉ ውስጥ የፖርቱጋሉን አዛዥ ገደለ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1632፣ አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን የመንግሥት ሃይማኖትነት ሽረው የተዋሕዶ ሃይማኖት እንዲመለስ አወጁ። በሁለት ርቀው በሚገኙ ቤተ መንግሥቶች፣ በአንድ ዓመት ልዩነት። አስጎብኚዎቹ ይህን አይነግሩዎትም፤ የእኛን ወገን ስለማያውቁት ነው።

ከምሽጉ ወጥተው በእግር ወደ አሮጌው ከተማ ይግቡ። የተቀረጹ የእንጨት በሮች፣ ወደ መንገዱ የወጡ ሰገነቶች፣ ጠባብ ጎዳናዎች። ጠዋት ቢሄዱ ሙቀቱ ይቀልልዎታል። ሰዎች የሚኖሩበት ሰፈር ነውና ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ፤ ሴቶችን ሳይጠይቁ ፎቶ አያንሱ፤ ዓርብ በጁምዓ ሰዓት በመስጊዶቹ ደጃፍ አይጨናነቁ። ካንጋና ኪኮይ የሚባሉትን ጨርቆች መግዛት ከፈለጉ የባሕር ዳር ሱቆችን ትተው ወደ ቢያሻራ ጎዳና ይሂዱ፤ የከተማው ሰው ራሱ የሚገዛው ከዚያ ነው።

ዋታሙ ያረፈ ሰው ጌዲን እንዳያመልጠው። በጫካ የተዋጠች የስዋሂሊ ከተማ ናት፤ መስጊዶችዋ፣ ቤተ መንግሥትዋና የውሃ ጉድጓዶችዋ አሁንም ይታያሉ። ከፍርስራሹ የቻይና ሸክላ ወጥቷል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነዋሪዎችዋ ጥለዋት ሄዱ፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ከሚያነሷቸው ምክንያቶች መካከል የጉድጓዶቹ ውሃ መራቅና ከሰሜን የመጣው የኦሮሞ እንቅስቃሴ ይገኙበታል። በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግባለች። ዲያኒ ላረፈ ደግሞ ካያ ኪኖንዶ የሚባል የዲጎ ሕዝብ ቅዱስ ደን ቅርብ ነው። ጥቁር ጨርቅ አገልድመው፣ ባርኔጣ አውልቀው፣ ከአካባቢው ሰው ጋር ነው የሚገቡት። የቤተ ክርስቲያን ደን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው አይቸገርም።

ቦርሳዎ ውስጥ ያለውና የሌለው

ፌስታል ይዘው አይግቡ። ኬንያ የላስቲክ ከረጢትን ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክላለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። ዳቦ ቆሎውን በጨርቅ ይቋጥሩት። ሲመለሱም ከባሕሩ ያነሱትን ዛጎልና ኮራል አይሸክሙ፤ ሕገ ወጥ ነው፤ ዳርቻው ላይ የሚሸጥልዎ ልጅ «ችግር የለም» ቢልዎትም ሻንጣው የሚፈተሸው የእርስዎ ነው። እነዚሁ ልጆች ጀልባ፣ ግመል፣ የእንጨት ጌጥ ይዘው ይከተሉዎታል። ፈገግ ብለው አንድ ጊዜ «አይ» ይበሉ፤ ነገ እንገናኝ ካሉ ግን ቃልዎን ይዘው ነገ ይጠብቁዎታል።

ብር እዚያ አይመነዘርም፤ ባንክዎ ለመንገደኛ የሚፈቅደውን የውጭ ምንዛሪ ቀደም ብለው ይጠይቁ። ኬንያ ውስጥ የባጃጁም የዓሣውም ሒሳብ በኤም ፔሳ ይከፈላል። አገር ቤት ያለዎት ኤም ፔሳ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ አካውንቱ ሌላ ስለሆነ፣ በፓስፖርትዎ የኬንያ ሲም ያውጡ። በመናፈሻዎችና በሙዚየሞች የመግቢያ ዋጋው እንደ ዜግነቱ ይለያያል፤ ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ባለመሆኗ የጎረቤቶቹ ቅናሽ አይደርሰንም። ለአፍሪካውያን የተለየ ዋጋ እንዳለ ግን ፓስፖርትዎን ይዘው ይጠይቁ።

ስለ ጤና

የቢጫ ወባ ክትባት አንድ ጊዜ ከተወሰደ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ ግን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። የሰዉ ትኩረት ካርዱ ላይ ስለሆነ ትልቁ አደጋ ይረሳል። እሱም ተራው ወባ ነው። ባሕር ዳርቻው ዓመቱን ሙሉ ወባ አለበት፤ አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይም ዋሽንግተን ያደገ ሰው ደግሞ መከላከያ በሰውነቱ የለውም። ከመሄድዎ በፊት ሐኪም አማክረው የመከላከያ መድኃኒት ይያዙ፤ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካለ ምክሩ ይለያል። አጎበር ያለው ክፍል ይምረጡ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እጅጌ ያለው ልብስ ይልበሱ፤ መድኃኒቱንም ቤት ተመለስኩ ብለው አያቋርጡ፣ ሐኪሙ የነገረዎትን ቀን ይጨርሱ። ከተመለሱ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ትኩሳት ከያዘዎ ጉንፋን ነው ብለው አይተኙበት፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄደው «ሞምባሳ ነበርኩ» ብለው የደም ምርመራ ይጠይቁ።